መቶ አስረኛው ዛፍ፦ መልኮ ሲቢዲን የረታበት መንገድ

ውጭ አገር ያሉ ቡና ቆዪዎች ከጅማ ዞን የገዙትን ቡና ሲያሽጉ ከረጢቱ ላይ የቦታውን ስም፣ ከፍታውንና አስተጣጠቡን ይጽፋሉ። ዝርያ በሚለው ቦታ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። 74110። አንዳንዴ 74112። ገዢው ምን ይሆን ብሎ ያልፈዋል። ማና ወይም ጎማ ወረዳ ግን ቁጥሩን የማያውቅ የለም። ክረምት ሊገባ ሲል ችግኝ ጣቢያ ብትቆሙ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። «አባቴ፣ የትኛውን ልስጥዎት?» «አንድ አስሩን ስጠኝ ልጄ። ያኛው እየሰፋ ቦታ ይጨርስብኛል።»

የቁጥሩ አፈታት ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ናቸው። የቀረው የዛፉ ተራ ነው። 741 ማለት በ1974 የተመረጠው የመጀመሪያው ዛፍ ነው። 7454 ደግሞ የዚያው ዓመት ሃምሳ አራተኛ ነው። 74110 መቶ አስረኛው። 754 ካላችሁ ዓመቱ ተቀይሯል፣ የ1975 አራተኛ ዛፍ ነው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። እኔም እንዳይምታታ በዚህ ጽሑፍ የምጠራውን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ እጠራለሁ።

እንግዲህ የዛሬው ጉዳያችን እነዚህ ዛፎች ናቸው፤ ሲቢዲ የሚባለውን የቡና ፍሬ በሽታ ይቋቋማሉ ተብለው የተመረጡ፣ ጅማ አጠገብ ካለው የመልኮ ምርምር ጣቢያ የወጡ ዛፎች። ማን ቆጠራቸው? ለምን ተቆጠሩ? ገንዘቡንስ ማን ከፈለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ደረቅ ትመስላለች፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያጓጓችኝ እሷ ናት።

በሽታው ሲመጣ

የቡና ፍሬ በሽታ፣ በተለምዶ ሲቢዲ የምንለው፣ መጀመሪያ የታወቀው ኬንያ ውስጥ በ1922 ነው። የሚያመጣው ኮሌቶትሪኩም ካሃዌ የሚባል ፈንገስ ነው። ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችን ሲያስቸግር ቆይቶ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ከዚያ በኋላ ጊዜ አልፈጀም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋማውን የቡና አገር አዳረሰው።

ይህ በሽታ ዛፉን አይገድልም። ቅጠሉን እንኳ ብዙም አይነካም። ማሳውን ከሩቅ ብታዩት ለምለም ነው። የሚያጠቃው ፍሬውን ነው፤ ያውም እያደገ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ። በጅማ አካባቢ ቡና የሚያብበው የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ነው። ፍሬው የሚያድገው ደግሞ ክረምቱ ሲበረታ፣ ከሰኔ ጀምሮ። ፈንገሱም የሚወደው ይህንኑ ጊዜ ነው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን። ፍሬው ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትወጣለች። ነጥቧ እየሰፋች ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ከዚያ ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይ ጠቁሮና ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህ የደረቀው ፍሬም ለሚቀጥለው ዓመት የበሽታ ማስቀመጫ ይሆናል።

ጉዳቱ ከማሳ ማሳ ይለያያል። ቆላ ቀመስ የሆነው ቦታ ብዙም አይነካውም። ከፍ ያለው፣ ጭጋግ የማይለየው ቦታ ላይ ግን ምርቱን እንዳለ ሊያጠፋ ይችላል። በአገር ደረጃ በተደረጉ ግምገማዎች በአማካይ ሩብ ያህሉ ምርት በዚህ በሽታ ይጠፋል የሚል ግምት ተደጋግሞ ይነሳል። በዚያን ጊዜ ቡና የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ግማሽ ያህሉን ያመጣ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የገበሬው ጓዳ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ካዝናም ጭንቀት ነበር።

የመጀመሪያው መፍትሔ ርጭት

ኬንያ ውስጥ ትልልቅ እርሻዎች በሽታውን የያዙት በኬሚካል ርጭት ነው። እኛም ጋ ተሞከረ፤ መንግሥትም ብዙ ገንዘብ አወጣበት። ግን የኛ ቡና የተተከለበትን ሁኔታ አስቡት። ትልቁ ክፍል ያለው በትንንሽ ገበሬዎች እጅ ነው። ከፊሉ ጫካ ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ነው። ርጭቱ ደግሞ አንዴ ረጭቶ ዞር የሚባልበት አይደለም። ፍሬው እያደገ ሳለ በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል። ያውም ዝናብ በሚያጥበው ወቅት። ቅጠልና ቅርንጫፍ በተጠላለፈበት ጫካ፣ ጀርባ ላይ መርጫ አዝሎ፣ እያንዳንዱን ፍሬ ማዳረስ የማይታሰብ ነው።

ሂሳቡም አይወጣም። ገበሬው ዋጋ የወደቀ ዓመት ለመድኃኒት ያወጣውን እንኳ ላያገኝ ይችላል። ኬሚካሉ ራሱ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፤ ምንዛሪው ደግሞ የሚመጣው ከቡናው ነው። መድኃኒት ለመግዛት ቡና መሸጥ፣ ቡና ለመሸጥ መድኃኒት መግዛት። ቀለበት ነው።

መልኮ

እዚህ ላይ አንድ ዕድል ነበረን። ዕድሉ የተሠራው ግን በሽታው ከመምጣቱ በፊት ነው።

የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1966 ነው። የቡናው ጣቢያ ደግሞ በዓመቱ፣ በ1967፣ ከጅማ ከተማ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልኮ ተከፈተ። ዛሬ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የምንለው እሱ ነው። የከተማው ሰው ግን አሁንም በአጭሩ መልኮ ይለዋል። ጣቢያው ሲከፈት ሲቢዲ የሚባል ነገር አገሩ ውስጥ አልተመዘገበም። ማንም «ለዚህ በሽታ ብለን» አልከፈተውም። ቡናን ለማጥናት ተብሎ፣ በአጭር ጊዜ ይህን ያህል ትርፍ ያመጣል ሳይባል፣ ገንዘብ ተመደበለት። በሽታው ከአራት ዓመት በኋላ ሲመጣ ማሳው አለ። የሠለጠነ ሰው አለ። የችግኝ ቦታ አለ። ይህ ሁሉ በ1971 ከዜሮ ይጀመር ቢባል የሚከተለው ታሪክ ቢያንስ አሥር ዓመት ይዘገይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያዎችን ላከ። ከእነሱ ውስጥ ራውል ሮቢንሰንና ኔደርላንዳዊው ቫን ደር ግራፍ በስፋት ይነሳሉ። ቫን ደር ግራፍ እዚህ የሠራውን ሥራ በ1981 ኔዘርላንድስ ውስጥ ቫኽኒንገን ላይ የዶክትሬት ጽሑፍ አድርጎ አቅርቦታል። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች፣ የመስክ ሠራተኞችና መንገድ መሪዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። የአብዛኛዎቹ ስም ወረቀት ላይ አልወጣም።

እነዚህ ሰዎች ማሳ ውስጥ ሲገቡ አንድ ነገር አዩ። ገበሬውም ያየው የነበረ ነገር ነው። እዚያው ማሳ ላይ፣ አንዱ ዛፍ ፍሬው በሙሉ ጠቁሮ ሳለ፣ አጠገቡ ያለው ዛፍ ፍሬው ደህና ነው። ያው ዝናብ፣ ያው አፈር፣ ያው ፈንገስ ነው። ዛፉ ግን ሌላ ነው።

ኬንያ ውስጥ ይህን ማየት ከባድ ነበር፤ የትልልቆቹ እርሻዎች ቡና ከጥቂት ዝርያ የተራባ፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ነው። የኛ ግን ድብልቅልቅ ነው። አረቢካ ቡና የተገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። ገበሬውም ከጫካ እያመጣ፣ ከጎረቤት እየተቀበለ፣ የወደደውን እየለየ ሲተክል ኖሯል። አንድ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ዛፍ አለ። ያ ሁሉ ልዩነት «ያልተሻሻለ እርሻ» ተብሎ ሲናቅ ኖሮ፣ በሽታ ሲመጣ ያዳነን እሱ ሆነ። የሕዝብ ገንዘብ ስንል እንግዲህ ይህንንም እንቁጠር፤ ለዘመናት ያለ ደመወዝ የተሠራ የገበሬ ሥራ ነው።

ምርጫው

ሥራው በደንብ የተጀመረው ከ1973 ጀምሮ ነው። ሐሳቡ ለመናገር ቀላል ነው። በሽታው የጠናበት ቦታ ሂድ። ፍሬ የሞላበትና በሽታ ያልነካው ዛፍ ፈልግ። ቁጥር ስጠው። ዘሩን ሰብስብ። ይኸው ነው።

ሲሠሩት ግን ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ብርቅ ነው፤ ከብዙ መቶ ዛፍ መካከል አንድ ቢገኝ ነው። ሌላው ችግር ደግሞ በሽታ ያልነካው ዛፍ ሁሉ በሽታ የሚቋቋም ዛፍ አለመሆኑ ነው። ዕድለኛ ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ፍሬ ያልያዘ ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ ቆሞ ንፋስና ጠብታ ያልደረሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛፉ ላይ ያለውን ፍሬ መቁጠር፣ የታመመውን መቁጠር፣ በሌላ ጊዜ ተመልሶ እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል። ክረምት ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ መኪና የማይገባበት ቦታ። የጅማ ዞኗን ጌራ ወረዳን በክረምት ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

ከዚያ ቤተ ሙከራው አለ። ይቺን ነገር ትንሽ ጠጋ ብለን እንያት፤ በጣም ብልህ ዘዴ ናት።

ቡና ፍሬ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። በሽታው ደግሞ የፍሬ በሽታ ነው። ስለዚህ አንድ ችግኝ ይቋቋም አይቋቋም ለማወቅ አራት ዓመት መጠበቅ ሊኖር ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ፈንገሱ የፍሬውን ቆዳ ብቻ ሳይሆን ገና የበቀለውን የችግኝ ግንድም እንደሚያጠቃ ያውቃሉ። ዘሩ አሸዋ ውስጥ ይዘራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ችግኟ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ጫፏ ላይ ዘሩን እንደ ቆብ ደፍታ፣ ቅጠሏ ገና ሳይከፈት። በዚህ ጊዜ የፈንገሱ ብናኝ በውኃ ተበጥብጦ ይረጭባታል። ብናኙ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ 2 ሚሊዮን ገደማ እንዲሆን ይደረጋል። ያለዚያ የዛሬው ሙከራ ከነገው ጋር አይወዳደርም። ከዚያ እርጥበቷና ቅዝቃዜዋ ተጠብቆ፣ ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ትቆያለች። ያልቻለችው ግንዷ ጠቁሮ ትወድቃለች። የቻለችው ትንሽ ጠባሳ ይዛ ትቆማለች። አራት ዓመት የሚፈጀውን ጥያቄ በወራት ውስጥ መለሱት ማለት ነው።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ከዛፉ ላይ የተቀጠፈ አረንጓዴ ፍሬ ላይ ብናኝ ማንጠብጠብ አለ። ቅርንጫፉ ላይ ባለ ፍሬም ይሞከራል። የመጨረሻው ዳኛ ደግሞ ማሳው ነው፤ ለዚህም በሽታው የሚበረታበት ጌራ ተመረጠ። እዚያ የቆመ ዛፍ ሌላ ቦታ አይወድቅም የሚል ነው ስሌቱ። ምርቱ ይመዘናል። ጣዕሙም ይቀመሳል፤ በሽታ የማይነካው ግን የማይጠጣ ቡና ለማን ይጠቅማል?

ፍጥነቱ የመጣው ከአንድ ድፍረት ነው። በተለመደው አሠራር ሙከራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ዘር ማባዛት የሚጀመረው። እዚህ ግን ሙከራውና ማባዛቱ ጎን ለጎን ሄዱ። በሙከራው የወደቀው ዛፍ፣ የተባዛው ችግኙም አብሮ ይጣላል። የሚጣለው ችግኝ ገንዘብ ነው፤ የተተረፈው ግን ዓመታት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች በ1977 እና 1978 ለገበሬው መለቀቅ ጀመሩ። ሌሎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ተከተሉ። ቡናን በማዳቀል አዲስ ዝርያ ማውጣት ከሃያ ዓመት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ተአምር የሚባል ፍጥነት ነው።

እነ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158 እና 74165 የተገኙት ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነው። ቁመናቸው እጥር ምጥን ያለ፣ ቅርንጫፋቸው የማይንዘራፈፍ ስለሆነ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መትከል ይቻላል። ችግኝ ጣቢያው ላይ ሽማግሌው የሚመርጧቸውም ለዚህ ነው።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ

1974 እኮ የአብዮቱ ዓመት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ፣ አድማ፣ በመስከረም ንጉሡ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ እዚህ ሰዎች ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብለው የታመመ ፍሬ ይቆጥራሉ። በ1975 ትልልቅ የግል የቡና እርሻዎች ተወረሱ፤ የገጠር መሬት አዋጅም ታወጀ። ሥራውን ያስጀመረው መንግሥት ወድቆ ሌላ መጣ። ሠራተኛው ግን ዛፉን መቁጠሩን አላቆመም። ደርግ በብዙ ነገር ይወቀሳል፤ ይህን ሥራ ግን አላቋረጠውም። ዝርያዎቹ ወደ ገበሬው የወረዱት በሱ ዘመን፣ የቡናና ሻይ ልማት መሥሪያ ቤቱ ባቋቋማቸው ችግኝ ጣቢያዎች ነው። ለማስፋፋቱ ሥራ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ገንዘብ ገብቶበታል። በርዕዮተ ዓለም ከደርግ ጋር የማይገናኝ የአውሮፓ ግብር ከፋይ ለጅማ ገበሬ ችግኝ ከፈለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ፈገግ እላለሁ።

ለምን አንድ ነጋዴ አልሠራውም?

ወደ ጓጓሁላት ጥያቄ ልመለስ። ቡና ትልቅ ንግድ ነው። ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎች ሞልተዋል። በሽታ የሚቋቋም ቡና የሚያወጣ ሰው ሀብታም አይሆንም ወይ?

አይሆንም። ምክንያቱ አበባው ውስጥ ነው። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ዘር ከዛፉ ከራሱ ነው። ስለዚህ የ74110ን ፍሬ ለቅማችሁ ብትዘሩ የምታገኙት ያው 74110ን ነው። ለገበሬው ይህ በረከት ነው። አንዴ አሥር ችግኝ ያገኘ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ለራሱም፣ ለአማቹም፣ ለጎረቤቱም የሚበቃ ዘር አለው። ጎረቤትየው ተመልሶ መልኮ አይሄድም፤ «እስቲ ጭብጥ ስጠኝ» ካለ በቃ።

ይህንን በነጋዴ ዓይን እዩት። ለዓመታት ጫካ ለጫካ ዞራችሁ፣ ሺህ ዛፍ ቆጥራችሁ፣ ቤተ ሙከራ ሠርታችሁ ያወጣችሁት ዕቃ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በነፃ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ማን ገንዘቡን ያፈስበታል? የግል ገንዘብ በተፈጥሮው የሚሄደው ወደ መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት በየዓመቱ ይሸጣልና። ይህን የምለው ነጋዴን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ሱቅ ቢኖረኝ መድኃኒቱን ነበር የምሸጠው።

ስለዚህ እዚህ ላይ የሕዝብ ገንዘብ «የግሉ ዘርፍ እስኪጠነክር» ተብሎ የገባ ጊዜያዊ ድጋፍ አይደለም። ዕቃው ራሱ፣ በተፈጥሮው፣ ሌላ ከፋይ የለውም። ጥቅሙ ግን ይበተናል። ገበሬው ያልረገፈ ፍሬ ይለቅማል። ጅማ ሂርማታ ገበያ ላይ ያለው ነጋዴ የሚመዝነው ያገኛል። አገሩ ምንዛሪ ያገኛል። እያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ «ይህ ከመልኮ የመጣ ነው» ብሎ የሚያስታውስ የለም። በጀት ሲቀነስም የሚጮኸው ሰው ጥቂት የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥቅሙን በገንዘብ ለመተመን የሞከሩ አሉ። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት የኢትዮጵያን የቡና ብዝኃ ሕይወት ዋጋ አስልቷል። በሽታ ለመቋቋም፣ ካፌይን ለመቀነስና ምርት ለመጨመር የሚሰጠውን ጥቅም ነው ያሰበው። የወደፊቱን ጥቅም ወደ ዛሬ ሲመልስ በዓመት በ5 በመቶ ቅናሽ 1.458 ቢሊዮን ዶላር፣ በ10 በመቶ ደግሞ 420 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ለነገ ምን ያህል ዋጋ ትሰጣለህ ነው ጥያቄው።

ያልተሳካው

ታሪኩን እንዲህ ብቻ ካቆምኩት ግን ተረት ይሆናል።

አንደኛው ችግር ጣዕም ነው። ኢሉባቦር ላይ የተመረጠ ዛፍ ይርጋጨፌ ላይ ወይም ሐረር ላይ ሲተከል በሽታውን ሊቋቋም ይችላል፤ ገዢው ግን ይርጋጨፌን የሚፈልገው ለይርጋጨፌነቱ ነው። ሐረርም እንዲሁ። በችኮላ ዘመን ይህ ብዙም አልታሰበም፤ እሳት እየነደደ ስለ ቀለም አይወራምና። መልኮ በኋላ ላይ አሠራሩን ቀይሮ ለየአካባቢው ከዚያው ከአካባቢው ዛፍ መምረጥ ጀመረ። ለወለጋ ሀሩ-1፣ ለሐረር መቻራ-1 የመሳሰሉት የዚህ ፍሬ ናቸው። እነዚህ ዝርያዎች የወጡት ግን ዘግይቶ፣ ወደ 2010 አካባቢ ነው። ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። ትዕግሥት ለሚጠይቅ ሥራም ቢሆን ይህ ረጅም ነው።

ሁለተኛው መመሳሰል ነው። ያዳነን ልዩነቱ ነበር አልን። ጥቂት ቁጥሮች ብዙ ማሳ ሲሸፍኑ ግን ያ ልዩነት ይሳሳል። አዲስ በሽታ ቢመጣ መልሱን የምንፈልገው የት ነው? ለዚህ አንዱ መልስ እዚሁ ዞናችን፣ ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ነው። እዚያ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከየቦታው የተሰበሰቡ ከ5 ሺህ በላይ የቡና ናሙናዎችን በቁማቸው ተክሎ ይጠብቃል። በቁም የሚጠበቁት የቡና ዘር ደርቆ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ስንዴ ለረጅም ዘመን ስለማይቆይ ነው። ስለዚህ ዛፉ መኖር አለበት። መታረም፣ መገረዝ፣ መጠበቅ አለበት። ይህም በየዓመቱ በጀት ነው፤ በየዓመቱ ደግሞ ምንም አዲስ ነገር የማያሳይ በጀት።

ሦስተኛው፣ ሲቢዲን የሚችል ዛፍ ሁሉንም በሽታ አይችልም። ዛፉን ከነሥሩ የሚያደርቀው ሌላው ፈንገስ የራሱ ጣጣ አለው።

የሌሎች ዕጣ

የተሰበሰበ ዘር ማን እጅ ላይ እንደሚያፈራ አይታወቅም። በ1964 የፋኦ ቡድን ከኢትዮጵያ ደኖች የቡና ዘር ሰብስቦ ነበር። ዘሩ ኮስታሪካ ሄደ፤ ከዚያም ብራዚል፣ ካምፒናስ ወደሚገኘው የእርሻ ምርምር ተቋም። በ2004 የዚያ ተመራማሪዎች ከእኛ አገር ዘር የበቀሉ 3 ሺህ ያህል ዛፎችን መርምረው በተፈጥሮ ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። እዚህ ብዙ ሰው ተቆጣ። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን የካምፒናሱም ተቋም የሕዝብ ነው፤ ዘሩንም የሰበሰበው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ እነሱ ለአርባ ዓመት ዛፉን አልጣሉትም። አንድ ሰው መጥቶ 3 ሺህ ዛፍ እስኪመረምር ድረስ ማሳው ተከፍሎበት ቆየ።

አሁን ያለንበት

መልኮ በቁጥሮቹ አልቆመም። በ1978 ማዳቀል ተጀመረ። መስፍን አመሃና ባየታ በላቸው በ1983 ባሳተሙት ሥራ የአገራችን ቡናዎች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ልጆቹ ከወላጆቻቸው የተሻለ ምርት እንደሚሰጡ አሳዩ። ከዚህ መስመር የወጣው አባቡና በ1990ዎቹ መጨረሻ ተለቀቀ። ወላጆቹ 741 እና ደሱ የሚባለው ቡና ናቸው። በምርምር ማሳ ላይ በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ንጹህ ቡና ሰጥቷል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። አባቡና ድቅል ነው። ፍሬውን ለቅማችሁ ብትዘሩት ያው አባቡና አይወጣም፤ አንዱ አያቱን፣ ሌላው አባቱን የመሰለ ጉራማይሌ ነው የምታገኙት። የጎረቤት ጭብጥ እዚህ አይሠራም። ዘሩን ለማግኘት አበባው ሳይከፈት በፊት ወንዴው በእጅ ይለቀማል፤ ቅርንጫፉ ይሸፈናል፤ የሌላኛው ዛፍ የአበባ ብናኝ ይደረግበታል። ይህ ሁሉ ቡና በሚያብብባት አጭር ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ሌላው መንገድ ከቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በቲሹ ካልቸር፣ ከቅጠል ቁራጭ በቤተ ሙከራ ማባዛት።

ሦስቱም እጅና ገንዘብ ይፈልጋሉ። ችግኙን ለማግኘት ሰው በየጊዜው መመለስ ስላለበት እዚህ ላይ የግል ባለሀብት ሊገባ ይችላል፤ ንግድ አለው። ቤተ ሙከራው ግን ውድ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ያለው የማና ገበሬ ደግሞ ለአንድ ችግኝ የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ዋጋው እዚያ ጣሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ አባቡና በብዛት አይሰራጭም። ለጊዜው ችግኝ ጣቢያው ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው አሁንም የ1974ቱ ዛፎች ልጅ ነው።